ሾላው ላይ ያለችው አረንጓዴ እርግብ እና ማዶ ያለችው ዘመዷ

(ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ጠዋት። ደቻቱ ዳር ያለ ትልቅ ሾላ)

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የድሬ ፀሐይ ገና አልበረታችም። ሾላው ሥር ቆሜ ወደ ላይ አያለሁ፤ የሚታየኝ ቅጠል ብቻ ነው። ግን የፍሬ ቁርጥራጭ ጠብ ጠብ ይላል። ማን ነው የሚበላው?

(ምስል፦ ቅርንጫፍ ላይ ያለች ወፍ፣ ከቅርብ)

ይቻትላችሁ! ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ራሷና ደረቷ አመድማ፣ ሆዷ ደማቅ ቢጫ። እርግብ ሲባል ሁላችንም ትዝ የምትለን የኖኅዋ ናት። ይቺም እርግብ ናት። እንደ በቀቀን ትንጠላጠላለች፤ ፍሬው ካልደረሰላት ተዘቅዝቃ ትለቅማለች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በፈረንጆቹ ከ1769 ጀምሮ አገራችንን ሲዞር፣ «ዋሊያ» ብሎ መዘገባት። የሳይንስ ስሟም እስከ ዛሬ ትሬሮን ዋሊያ ነው። ከሰሜን ተራሮቹ ዋልያችን ጋር ስም መጋራቷ በጣም ደስ ይለኛል።

ዛሬ ይበልጥ ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ ዘመዷ ነው።

(ምስል፦ ጥቅጥቅ ያለ የዝናብ ደን)

ኒው ጊኒ እና ምሥራቅ አውስትራሊያ። ዝናብ የማያጣው ቆላ ደን። እዚያ ዎምፑ የምትባል የፍሬ እርግብ አለች። ጀርባዋ አረንጓዴ ነው፤ ከጉሮሮዋ እስከ ደረቷ ወይን ጠጅ፣ ሆዷ ቢጫ። ስሟ ከድምፅዋ የመጣ ነው፦ «ዎም... ፑ»። ወፍራም ድምፅ ነው፤ ሰው የተጣራ ይመስላል። ድምፁን ትሰማላችሁ እንጂ እሷን ማየት ከባድ ነው። አረንጓዴው ጀርባዋ ቅጠል ውስጥ ይጠፋል፤ ቢጫው ሆዷ ደግሞ በቅጠል መሃል የገባ ፀሐይ ይመስላል። ዝም ብላ ከተቀመጠችማ አለቀ።

ድምቀቱ ከምግቧ ጋር የተያያዘ ነው። ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገው ዓይነት ቀለም፣ ካሮቴኖይድ፣ ወፍ ራሷ የምትሠራው ነገር አይደለም። ከምትበላው ነው የምታገኘው።

(ምስል፦ እርግቧ ፍሬ ስትውጥ)

አሁን ወደ ሆዷ እንግባ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ዶሮ ያጠበ ሰው፣ ከሆዷ የሚወጣውን ያንን ጠንካራ ጡንቻ ያውቀዋል። ውስጡ አሸዋና ጠጠር አለ፤ እህል የሚፈጨው እሱ ነው። ብዙ እርግቦችም እንደዚያ ያለ ወፍጮ አላቸው። አረንጓዴ እርግቦች ሾላ ሲበሉ ጥቃቅኑን ዘር ሳይቀር ይፈጩታል፤ ይህ በእስያዎቹ ዘመዶቻቸው ላይ በደንብ ታይቷል።

የፍሬ እርግብ ግን ሌላ ናት። ፍሬውን ሳትነክስ እንዳለ ትውጠዋለች። አፏ ይለጠጣል። የሆዷ ወፍጮ ስስ ነው፣ አንጀቷም አጭርና ሰፊ። ሥጋው ይፈጫል፤ ዘሩ ሳይጎዳ ከእናት ዛፉ ርቆ ይወርዳል። እኛ ማንጎ በልተን ዘሩን ጓሮ እንጥል የለ? ከዚያ አንድ ቀን ችግኝ ብቅ ይላል። እሷም ይህንኑ በየቀኑ፣ በየደኑ ታደርጋለች።

ግን ፍሬ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ታዲያ ጫጩት በምን ያድጋል? በወተት! እርግቦች ሁሉ ጉሮሯቸው ሥር ባለው ከረጢት ወፍራም፣ ስብና ፕሮቲን የሞላው ምግብ ይሠራሉ። እናትም አባትም ያጠባሉ ማለት ይቻላል። ዎምፑ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ ያውም በጥቂት ጭራሮ በተሠራ ጎጆ ላይ።

ኑሮዋ ሁሉ ዛፍ ላይ ስለሆነ ደኑ ሲቆረጥ መሄጃ የላትም። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ለአደጋ ተጋላጭ ተብላ ተመዝግባለች። ሌላ ቦታ ገና በርከት ብላ አለች። በኒው ሳውዝ ዌልስ ግን ደቡባዊው መኖሪያዋ ተሸርሽሯል፤ ያሳዝናል።

(ምስል፦ እንደገና ደቻቱ ዳር)

እኛ ደግሞ ወደ ሾላችን እንመለስ። ማየት የምትፈልጉ፣ ፍሬው የበሰለበትን ዛፍ ምረጡ። መጀመሪያ መሬቱን እዩ፤ ትኩስ ቁርጥራጭ ካለ ላይ አሉ ማለት ነው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

ይኸው፣ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋው። ቅጠል ነው ብዬ ያለፍኩት ሁሉ ተነሥቶ በረረ። ሰባት ነበሩ። እኔ ያየሁት አንዷን ብቻ ነው።