ቱቦው ከወጣ በኋላ ያሉት 72 ሰዓታት

(ምስል፦ ደሴ፣ ጠዋት፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያሉ አዛውንት)

ታካሚው ለ30 ደቂቃ ያለ ማሽኑ ግፊት በደንብ ተንፍሰዋል። ከማሽኑ ወደ መተንፈሻ ቧንቧቸው የገባው ቱቦ ይውጣ? ሙከራው የፈተነው የመተንፈስ አቅማቸውን ብቻ ነው፤ ቱቦው እዚያው እያለ ጉሮሯቸው አልተፈተነም። ሙከራውን አልፈው ቱቦው ከወጣላቸው 10 ሰዎች ለ1 ወይም ለ2ቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ቱቦው ተመልሶ ይገባል።

መጀመሪያ ሳል። ነጭ ወረቀት ከቱቦው አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙና «አባባ፣ በኃይል ይሳሉ» በሏቸው። ከ3 ወይም ከ4 ሳል በኋላም ወረቀቱ ካልረጠበ ሳሉ ደካማ ነው። አክታው ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሳክሽን (በማሽን መምጠጥ) የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ባትቸኩሉ ይሻላል።

(ምስል፦ የቱቦው ፊኛ ሲተነፍስ)

ቀጥሎ እብጠት። አፉን በሳክሽን አጽዱና በቱቦው ዙሪያ ያለውን ክፍተት የሚደፍነውን ፊኛ አስተንፍሱ። ማሽኑ 450 ሚሊ ሊትር አስገብቶ 400 ከተመለሰለት፣ በቱቦው ዙሪያ ያመለጠው 50 ብቻ ነው። ያመለጠው ከ110 በታች ከሆነ ጉሮሮው አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ሰጥታችሁ ቢያንስ 4 ሰዓት ጠብቁ።

ልብም አለ። የማሽኑ ግፊት ደካማ ልብን ያግዝ ነበር፤ ሲቋረጥ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይጨምርና ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ፈሳሽ የተጠራቀመባቸውን አስቀድማችሁ ሽንት በሚያሸናው መድኃኒት በፉሮሴማይድ አቅልሏቸው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ የጣት ኦክሲጅን መለኪያው 92 በመቶ ቢያሳይ ያን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ። ነገር ግን የኦክሲጅን መጠባበቂያው ትንሽ ስለሆነ፣ መውረድ ከጀመረ ቶሎ ይወርዳል።

ቱቦውን ጠዋት፣ ባለሙያው ሙሉ በሆነበት ሰዓት አውጡ። የወጣው ቱቦ ቁጥር 7.5 ከሆነ 7 እና 6.5 አልጋው አጠገብ ይቀመጡ፤ ቡጂ (ቱቦ ለማስገባት የሚመራ ቀጭን ዘንግ)፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት)፣ የሚሠራ ሳክሽንም እንዲሁ። መብራት ቢጠፋስ? የኦክሲጅን ሲሊንደሩን ጌጅ አሁኑኑ እዩት።

ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆኑ፣ የልብ ወይም የከረመ የሳንባ ሕመም ላለባቸው፣ በማስክ የሚሰጠው የግፊት እርዳታ ቱቦው እንደወጣ ወዲያው ይጀመር። ትንፋሽ ካጠራቸው በኋላ ማስክ አድርጎ ሰዓታት መጠበቅ ግን ሞትን ሊያበዛ ይችላል፤ ቱቦውን ከመመለስ ይልቅ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው።

(ምስል፦ አስታማሚዋ አልጋው አጠገብ)

ትንፋሽ በደቂቃ ከ35 ካለፈ፣ የአንገት ጡንቻ ከተወጠረ፣ ሲተነፍሱ ሲር የሚል ድምፅ ከተሰማ ሐኪም ጥሩ። ሲታገሉ ቆይተው ድንገት ጸጥ ያሉትን ደግሞ በተለይ ልብ በሉ። አስታማሚዋ «አልሐምዱሊላህ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው» ትል ይሆናል። በስማቸው ጥሯቸው። ካልነቁ ያ እንቅልፍ አይደለም፣ በደም ውስጥ የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ አምቡ ባጉን ያዙ፣ ቱቦው ይመለስ።