ፖሊስ የሚመዘነው አቤቱታ ሲቀበል ነው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ በሥራ ላይ ያላችሁ ፖሊሶች፤ እንኳን ወደ ደብረ ብርሃን በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮ መወያያችን ፖሊስ በሕዝቡ መካከል ያለውን ድርሻ እንዴት ያየዋል የሚል ነው። ብዙው ባልደረባ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ወንጀለኛ መያዝ» ይላል። ሕዝቡ ግን ፖሊስን የሚመዝነው ገና አቤት ሲል ነው።

መንዝ ውስጥ በግ የተሰረቀበት ገበሬ ጣቢያ መጣ እንበል። መዝገቡ ላይ «ሁለት በግ ጠፋ» ብቻ ከሰፈረ፣ ገበያ ላይ የሚቆመው ፖሊስ የቱን በግ ይለያል? ቀለሙ፣ ቀንዱ፣ ላቱ፣ ምልክቱ የተቆረጠው በየትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ መጨረሻ የታየበት ሰዓት፣ ዱካው ያመራበት አቅጣጫ ይጠየቅ። ቀጥሎ የሚውለው ገበያ የት እንደሆነ ታውቆ ገበያው ሳይቆም መልእክቱ ለዚያ ጣቢያ ይድረስ። በጉ ከታረደ ወይም አዲስ አበባ ከተጫነ ማስረጃው አብሮ ሄደ።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አቤቱታው ተጽፎ፣ ለአቤት ባዩ ተነቦ እንዲፈረም ያዛል። የሚዘለለው ማንበቡ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ባልተነበበለት ወረቀት ላይ አሻራውን ያሳርፍና ፍርድ ቤት ሲቆም «እንዲህ አላልኩም» ይላል፤ መዝገቡም ይወድቃል።

ሽምግልናም አለ። አፈርሳታ ተቀምጦ፣ ማለትም የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ እየተጠያየቀ፣ ሌባ ያወጣ ሕዝብ ነውና ሽማግሌን መናቅ አይገባም። እንደ ስድብ ያለው በግል አቤቱታ የሚታይ ጉዳይ በዕርቅ ቢያልቅ እሰየው። የተደፈረችን ሴት፣ ከ18 ዓመቷ በፊት የተዳረችን ልጅ «ታረቁ» ብሎ መመለስ ግን በደሉን መተባበር ነው። ነፍስ ሲጠፋ ደግሞ ፖሊስ ዕርቁንም ምርመራውንም ጎን ለጎን ያስኪድ፤ ደም የሚያደርቀው ዕርቅ በቀልን ስለሚያቆም ይደግፈው፣ ምርመራው ግን ለአንድ ቀን እንኳ ሳይቆም መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይቅረብ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲያዝ የመንገዱን ጊዜ አይቆጥርም። ይህ ከሩቅ ቆላ ቀበሌ ለሚመጣ ተጠርጣሪ የተሰጠ ጊዜ ነው፤ ጣቢያ ውስጥ ለተከረመ ማመካኛ አይሆንም። ስለዚህ ፖሊሱ ተጠርጣሪውን የያዘበትን ሰዓት እዚያው በያዘበት ቦታ ይጻፍ። ጣቢያ ሲደረስ ብቻ ከተጻፈ፣ መንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደሄደ የሚለይበት መንገድ የለም።

ከሰዓት በኋላ በቡድን ስትወያዩ ከየወረዳችሁ ያመጣችሁትን የአቤቱታ አጻጻፍ አንድ በአንድ እንድታዩት አደራ እላለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።