አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ ፍሪጁ አላወራም። አውቃለሁ፣ ቃል ገብቼ ነበር። ሰውዬውም አልመጣም፣ ፍሪጁም እንደ ሙሾ አውራጅ እያለቀሰ ነው፣ ይቆየን።

አንድ ነገር ሰሞኑን አልለቅ ብሎኛል። ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቴኒስ። እኔና ቴኒስ! ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ የማለከልከው ሴትዮ።

አባዬ ነው ያመጣው። ባለፈው ሳምንት ቡና እየጠጣን፣ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ "ያ አጭሩ ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?" አለኝ። የቱ አጭር? "በአስተሰርዮ ዋዜማ ጥሎ የወጣው!" ዱዲ ሴላን ማለቱ ነው፣ የእስራኤሉን ቴኒስ ተጫዋች። የቂርያት ሽሞናው። 1 ሜትር ከ75 ነው ቁመቱ። እኛ ቤት ቢመጣ ከአምፖሉ በላይ ያለውን አቧራ እሱ ነበር የሚጠርግልን። ለቴኒስ ግን አጭር ነው፤ ሁለት ሜትር ካለፉት ጋር ነው ሲጫወት የኖረው።

ያኔ ምን ሆነ መሰላችሁ። ሴፕቴምበር 29፣ 2017፣ ዓርብ። ቻይና፣ ሼንዘን። ሩብ ፍጻሜ ከዩክሬኑ ዶልጎፖሎቭ ጋር። አንዱን ሴት አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ወሰደ። (ሴት ስል ሴት ማለቴ አይደለም፣ የቴኒሱን ሴት፣ የግጥሚያውን አንድ ዙር ነው። ባለፈው አንዷ "ስንት ሴት ነው የሚወስዱት?" ብላ ጽፋልኛለች፣ ሳቄን አልጨረስኩም።) በሚለየው በሦስተኛው ላይ 1 ለ 1 ናቸው። እና ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ዮም ኪፑር ሊገባ ነው፣ አባዬ አስተሰርዮ የሚለው የጾም ቀን፤ ፀሐይ ከጠለቀች መብል የለ፣ ውሃ የለ፣ ሥራ የለ። ልጁ አቋርጦ ወጣ።

በቃ። ራኬቱን ሰብስቦ ወጣ።

ቢያሸንፍ ግማሽ ፍጻሜ ነበር፣ ለዓለም ደረጃው 90 ነጥብ። ያኔ የተጻፈው ገንዘብ ደግሞ ወደ 34 ሺህ ዶላር ነው። በዶላር! እኔ ለ34 ሺህ ዶላር... አልናገርም፣ አባዬ ይሰማል ይሄን ነገር። አይሰማም፤ አክስቴ ግን ትሰማለች፣ ለሱ ደግሞ ትነግረዋለች።

ቪዲዮውን አላየሁትም። በጭንቅላቴ ነው የሠራሁት፣ ስንት ዓመት ሙሉ። ላቡ አልደረቀም። ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። አንድ ነጥብ ይጫወታል፣ ደግሞ ያያል። እኔን የሚገርመኝ፣ ያ 1 ለ 1 ነው። እየተሸነፈ ቢሆን "ሰበብ አገኘ" እንል ነበር። እያሸነፈ ቢሆን ደግሞ "ጉድ! ምን ዓይነት እምነት ነው!" እኩል ላይ ሆኖ መውጣት ግን... ሳንዲ ኩፋክስ የሚባለው የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች አለ አይደል? በ1965 በዮም ኪፑር ቀን አልወረውርም ያለው። እሱ ግን አስቀድሞ ቀረ። ከመጀመሪያው መቅረት እኮ ይቀላል። ገብተህ፣ ሞቆህ፣ መሐል ላይ "ይቅርታ፣ መሸብኝ" ማለት ነው የሚከብደው።

ደግሞ መቆየት የማይችል ሰው አይደለም። በ2007 እዚሁ ራማት ሃሻሮን ላይ የቺሊውን ጎንዛሌስን በዴቪስ ካፕ፣ በሀገራት ውድድር፣ አምስት ሰዓት ያህል ተጫውቶ ነው ያሸነፈው። አምስት ሰዓት! በሱ ጊዜ እኔ ከናታንያ ኤይላት እደርሳለሁ።

ምን ልል ነበር... አዎ፣ ሰዓቱ። የቤታችንን የሁለት ዓይነት ሰዓት ነገር ታውቁታላችሁ። እኔ "አንድ ሰዓት" ስለው አባዬ "ሰባት" ይላል፣ ከመጣን ጀምሮ አልተስማማንም። ሼንዘን ፀሐይ ስትጠልቅ እዚህ እስራኤል ገና ምሳ ሰዓት ነበር። እኛ እየበላን ነበር! የልጁ እናት እዚህ ብትሆን ገና ጾም አልያዘችም። ማን ያየዋል ቻይና ውስጥ? አንድ ሴት ቢጨርስ?

እኔ ግን... እሺ። ይሄን መናገር አልፈለግሁም ነበር።

ያን ቀን ሥራ ነበርኩ። ታውቃላችሁ፣ አረጋውያኑ ጋ። ተረኛዋ ዘገየች። ዐርባ ደቂቃ። አንዷን እናት መድኃኒት እያዋጥኳት፣ የሷን ብርጭቆ አስቀመጥኩና ለራሴ ቀዳሁ። ጠጣሁ። መስኮቱን አየሁት እኮ። ጨልሟል። እያየሁ ነው የጠጣሁት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው፣ ጠምቶኛል፣ ገና ሃምሳ ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ፣ አውቶቡስ የለ። ምንም አይደለም እኮ። ምንም አይደለም።

ቤት ስደርስ አባዬ ነጩን ለብሶ ተቀምጧል። "በሰዓቱ ያዝሽ?" አለኝ። "አዎ አባዬ።"

ለምን? አሁንም አልገባኝም። ተረኛዋ ዘገየች ብለው ምንም አይለኝም ነበር። የታመመ ከምትረጂ ምን ሆነ ባለኝ ነበር።

በማግስቱ ማታ ጾም ከፈታን በኋላ ስልኬን ስከፍት ዜናው። አነበብኩለት። አባዬ ቴኒስ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ በኳሱ ትልቅነት ነው ስፖርት የሚለካው። ጥያቄው አንድ ነው፦ "አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ?" እኔ እንጃ፣ መዝገቡ ላይ ተሸናፊ ነው፣ ዶልጎፖሎቭ አለፈ አልኩት። ቆየና፣ "እሱም እንዳንቺ በሰዓቱ ያዘ በይኛ" አለኝ።

...

ቆይ ጉሮሮዬ።

የሚገርማችሁ፣ በዚያው ዓመት በዊምብልደንም አቋርጦ ወጥቷል፣ ከዲሚትሮቭ ጋር። ከዚያ በፊት ባለው ጨዋታ 2 ሜትር ከ8 የሆነውን አይዝነርን አምስት ሴት ተጫውቶ ነበር ያሸነፈው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም "አቋረጠ" ነው የሚለው። አንድ ቃል። በ2009 ከዓለም 29ኛ ሆኖ ነበር። የኤቲፒ፣ የትልልቆቹ የወንዶች ውድድር፣ ዋንጫ ግን አንድም የለውም። ሁለት ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸነፈ። በትንንሾቹ፣ በቻሌንጀሮቹ፣ ከ20 በላይ አለው። እና ሰው የሚያስታውሰው ያቺን ያልጨረሳትን ነው። አባዬ እንኳ! ምናልባት... አይ፣ ተዉት። ከዚህ ትምህርት ላውጣ ብል ራሴን ነው የምሸነግለው።

ትናንት ደወልኩለት። ልነግረው። ከምሬ ነው። "ምን ሆነሽ?" አለኝ፣ በዚያ ሰዓት ስለማልደውል። ምንም፣ ስለዚያ ልጅ ነው አልኩት። "እህ፣ አሸነፈ?" እና እኔ ምን ነገርኩት? ስለ ወንበሩ! አንድ ጊዜ ቦጎታ ላይ በካርሎቪች ተሸንፎ፣ ሰውዬው 2 ሜትር ከ11 ነው፣ እጅ መጨባበጫው ላይ ወንበር አምጥቶ፣ ቆሞበት፣ አቀፈው። አባዬ በሳቅ ሞተ። "ወንበር ላይ ቆሞ!" እያለ፣ ደግሞ እየደገመው።

ሳቁ ሲያልቅ ዝም አልን። አሁን ልናገር ነው፣ አፌ ላይ ደርሷል...

"በዚህ ሙቀት ውሃ ትጠጫለሽ ግን?" አለኝ።

እጠጣለሁ አልኩት።

እና... እንጃ። ይሄን ክፍል ልቆርጠው እችላለሁ። አክስቴ፣ እየሰማሽ ከሆነ... ቆይ፣ የት ነው የሚጠፋው ይሄ—