መጀመሪያ ውሃውን እናስወጣው

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ባለፈው ሰኞ ከዶሮ እርባታዬ እስከ ቢሾፍቱ አስፋልት ድረስ ያለችውን የ2 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገዳችንን ቀስ ብዬ ነድቼ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ጭነቱን አየሁት። ከላይኛው ትሪ 30 እንቁላል 7ቱ ተሰንጥቀዋል፤ አስኳሉም ወደ ታችኛው ትሪ ወርዷል። ጉድጓድ ውስጥ አልገባሁም። እንቁላሉን የፈጀው እንደ ቀሚስ ሽንሽን የሆነው የመንገዱ ፊት ነው። እያንዳንዳችሁ ቤት ይህ ኪሳራ እንዳለ አውቃለሁ።

በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ የሚሰበስበው ገንዘብ ለሕዝብ መንገድ ጥገና ነው። ይህ ግን የማህበራችን የግል መንገድ ስለሆነ ጠጋኙ እኛው ነን። ዕድሜዬን መንገድ በሚያስተካክለው ማሽን፣ በግሬደር ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ውሃው መውጫ ሳያገኝ አንድ ቢያጆ፣ ማለትም አንድ መኪና ጭነት፣ ገረጋንቲ (ለመንገድ የሚነጠፍ ጠጠርና አፈር) እንኳ አንግዛ።

ዓምና በሰኔ ዶዘር ተከራየን። ኦፕሬተሩ መሃሉን ጠርጎ አፈሩን ግራና ቀኝ ከምሮት ሄደ። ለዓይን ያምር ነበር። ነገር ግን መንገዱ ከማሳው ዝቅ አለና በሐምሌ ወንዝ ሆነ። ከሥር ያለው አፈር መረሬ፣ ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሸክም አይችልም። መኖ የጫነው ሲኖትራክ እስከ ጎማው ዘንግ ሲሰምጥ ሁላችንም ቆመን አይተናል። በላዩ የደፋነውን ገረጋንቲ የበላው ያ ጭቃ ነው።

መንገድ ጀርባ ያስፈልገዋል። ስፋቱ 5 ሜትር ከሆነ መሃሉ ከዳሩ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ገመድ ወጥራችሁ በውሃ ልክ ብትለኩት የእኛው መሃሉ ጎድጉዷል። ጀርባ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የወረደውን ውሃ የሚቀበል ቦይ፣ ቦዩንም ወደ ተዳፋቱ የሚያወጣ መውጫ ይፈልጋል። በደለል የተደፈነው ቱቦም ይጠረግ። ለቦዩና ለቱቦው ሥራ ማሽን አያስፈልግም፤ ድጅኖ፣ ዶማና አካፋ ይበቃል። የበልጉ ዝናብ አፈሩን አለስልሶልናል፤ ከሰኔ በፊት እንጨርሰው።

ስለ ማቴሪያሉ፣ «ቀዩ አሸዋ እዚሁ አጠገባችን አለ፣ ርካሽ ነው» የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ውሃ ስለሚያሳልፍ መረሬው ላይ ከሥር ቢነጠፍ እደግፋለሁ። ከላይ ግን እርስ በርሱ ስለማይያያዝ ጎማ ይበትነዋል፤ ሽንሽኑም ቶሎ ይመለሳል። ለላይኛው ንጣፍ ትንሽ ሸክላ አፈር ያለበት ገረጋንቲ እንፈልጋለን። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እፍኝ አርጥባችሁ ጨብጡት። እንደ አሸዋ ከተበተነ መልሱት፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀም መልሱት። ቅርፁን ይዞ ከቀረ ጥሩ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብናለብሰው እንኳ 1,000 ሜትር ኩብ ተጠቅጥቆ ይፈልጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ60 ቢያጆ በላይ ነው፣ ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ ደግሞ ወደ 80 ይጠጋል። ይህን ያህል ገንዘብ ጭቃ ላይ መድፋት ያሳዝነኛል።

ግሬደር እንግዛ ያላችሁ አላችሁ። ለ2 ኪሎ ሜትር አይገባም። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አፈሩ እርጥበቱን ሳይለቅ፣ አንድ ጊዜ እንከራይ፤ ሮለርና የውሃ ቦቴ ግን አብረው ይምጡ። ያለ እነርሱ ግሬደር የነካው መንገድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይፈርሳል። ኦፕሬተሩም ሽንሽኑን እስከ ሥሩ በግሬደሩ ጥርስ ይቁረጠው። ጫፉን ልጦ ጎድጓዳውን ቢሞላው ያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማህበሩ ትራክተር ይችለዋል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሁለት ወፍራም ብረቶች በብየዳ አያይዘን፣ በሰንሰለት ሰያፍ አድርገን ከዝናብ በኋላ እንጎትታቸው። ዳር የተበተነውን ጠጠር ወደ መሃል ይመልሱታል። ፍጥነታችንም ከ30 አይለፍ፤ ሽንሽኑን የሚወልደው ፍጥነት ነውና።

ስለዚህ ዛሬ እንድትወስኑልኝ የምጠይቀው የቦዩን ሥራና የብየዳውን ወጪ ብቻ ነው፤ የገረጋንቲው መዋጮ ለመስከረም ይቆይ። የመጀመሪያውን 200 ሜትር ችካል ተክዬ ገመድ ወጥሬበታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዋናው በር ፊት ለፊት እጠብቃችኋለሁ፤ ድጅኖ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።