ከስፔስቱን እስከ ኦታኮን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ኦታኮን ላወራችሁ ነው። ይሄን ክፍል ለመቅዳት ስመኝ ቆይቻለሁ።

ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ስሙን ባታውቁትም ሰዎቹን አይታችኋቸዋል። በጁላይ መጨረሻ ወይም በኦገስት መጀመሪያ፣ አርብ ጠዋት፣ አረንጓዴው ሜትሮ ውስጥ ሰማያዊ ፀጉር ያላት፣ ከቁመቷ የሚበልጥ የፎም ጎራዴ ያቀፈች ልጅ አጠገባችሁ ቆማ ከነበረ፣ ወደዚያ እየሄደች ነው። ማውንት ቨርነን ስኩዌር ላይ ትወርዳለች። የዋልተር ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ማዕከል እዚያው ነው።

ኦታኮን የአኒሜ አፍቃሪዎች ጉባኤ ነው። የጃፓን አኒሜሽን፣ ማንጋ የሚባሉት በሥዕል የሚተረኩ መጻሕፍት፣ ጌም፣ ሙዚቃ፣ ሁሉም አለበት። በፈረንጆቹ 1994 ፔንስልቬንያ ውስጥ ስቴት ኮሌጅ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ተጀመረ። ከ1999 እስከ 2016 ባልቲሞር ነበር። ከ2017 ወዲህ ዲሲ ነው። ከአርብ እስከ እሁድ ሦስት ቀን ይቆያል፤ በቅርብ ዓመታት ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይመጣበታል። ይሄን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግዱት ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አዘጋጁ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ሰልፍ የሚያስይዘውም፣ ፕሮግራም የሚያወጣውም ከሥራው እረፍት ወስዶ የመጣ አፍቃሪ ነው። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ በር ላይ ባጄን የሚያዩትን ልጆች ሳላመሰግን አላልፍም።

ሰው ስለ ኮን፣ ማለትም እንዲህ ስላለ ጉባኤ፣ ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት ኮስፕሌይ ነው። ልክ ነው፣ ያምራል። የገጸ ባሕርዩን ልብስ በእጃቸው ሰፍተው፣ ትጥቁን በፎም ሠርተው፣ በዚያ የዲሲ ሙቀት ለብሰው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚስበኝ ፓነሉ ነው።

ፓነል ማለት ሰው ፊት ተቀምጦ ስለ አንድ ጉዳይ የሚወራበት ዝግጅት ነው፤ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ያለው ነው። ከጃፓን የመጡ ዳይሬክተሮች፣ ድምፅ ተዋንያን፣ ሙዚቀኞች አስተርጓሚ ይዘው ይቀመጣሉ። ሰዉ በሺህ ይገባል። ለመግባት ቀደም ብሎ መሰለፍ ነው። ሁለተኛው ዓይነት በትንንሾቹ ክፍሎች የሚካሄደው፣ አፍቃሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ነው። ከወራት በፊት ማንም ሰው ሐሳቡን ጽፎ ያመለክታል። ከተመረጠ ክፍል፣ ማይክና ፕሮጀክተር ይሰጠዋል፣ አንድ ሰዓት ገደማም የራሱ ይሆናል። ዲግሪህ ምንድን ነው የሚለው የለም። ጉዳዩን ማወቅና መውደድ ይበቃል።

የእኔ ቤት እነዚያ ትንንሾቹ ክፍሎች ናቸው። ቀን የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ሰውዬ የድሮ አኒሜ እንዴት ይሠራ እንደነበር ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ሥዕሉ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ በእጅ እየተቀባ፣ አንድ በአንድ ፎቶ ይነሳ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር ያንን ሥራ ተካው። ሰውዬው ከራሱ ስብስብ አንድ የተቀባ ፕላስቲክ ይዞ መጥቶ ነበር። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ከጀርባው በኩል አሳየን። ከጀርባ ስታዩት ቀለሙ የት እንደወፈረ፣ የት እንደሳሳ ይታያል። የሆነ ሰው ቶኪዮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የቀባው ነው። የስክሪን ላይ ሥዕል የሰው እጅ እንዳለበት እንደዚያ ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ሌላ ጊዜ አንዲት ልጅ በአኒሜ ውስጥ ምግብ ለምን እንደዚያ እንደሚያምር ብቻ ተናገረች። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሩዝና ሾርባ! ክፍሉ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ደግሞ ሰዎቹ እንዴት እንደሚያወሩ ብታዩ። ፈርተው ይጀምራሉ፣ ወረቀታቸው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የሚወዱት ቦታ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ይረሱታል።

አሁን ወደ ዋናው ወሬዬ ልግባ።

አዲስ አበባ ያደግን፣ ዲሽ የነበረው ጎረቤት የነበረን ልጆች ስፔስቱንን እናውቃለን። በፈረንጆቹ 2000 የተጀመረ የዓረብኛ የልጆች ጣቢያ ነው። ፕሮግራሞቹ በፕላኔት ተከፋፍለው ነበር፤ የአክሽን ፕላኔት፣ የስፖርት፣ የጀብዱ፣ ለሴት ልጆች ደግሞ ዙሙሩዳ የሚባል። አብዛኛው የጃፓን አኒሜ ነበር፣ በዓረብኛ ድምፅ። እኛ ቤት ዲሽ አልነበረም። ከትምህርት ቤት መልስ የማየው የጎረቤታችን የእትዬ ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ከልጆቻቸው ጋር ተደርድሬ ነበር። ዓረብኛ አንድም ቃል አላውቅም። ታሪኩን ከገጸ ባሕርያቱ ፊት፣ ከሙዚቃው፣ ከእንባቸው እገምታለሁ። ከዚያ ሰፈር ውስጥ እየተሰበሰብን፣ እያንዳንዳችን የገመትነውን እናወራለን። አንዷ «አባቱ ነው» ትላለች፣ ሌላው «ጠላቱ ነው» ይላል። የመክፈቻ ዘፈኖቹን ግን ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸው ነበር። ቃሉን ሳይሆን ድምፁን።

ይሄ የእኛ ሰፈር ነገር ይመስለኝ ነበር። የእኛ፣ የእነዚያ ስድስት ሰባት ልጆች። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ስለሱ ያወራሁት ሰው የለም። ማን ይገባዋል ብዬ? እዚህ ያደጉት አኒሜ ያዩት በእንግሊዝኛ ነው።

ኦታኮን ላይ፣ ማታ፣ አኒሜ በልዩ ልዩ አገሮች እንዴት ወደየቋንቋው እንደተመለሰ የሚያወራ የአፍቃሪዎች ፓነል ገባሁ። አቅራቢው ስለ ጣሊያን ተናገረ፣ ስለ ፊሊፒንስ ተናገረ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የስፔስቱን ዓርማ መጣ። ልቤ ዘለለ። ሥራው ደማስቆ ውስጥ፣ ቬነስ ሴንተር በሚባል ስቱዲዮ ይሠራ እንደነበር ነገረን። ጠርቶ በሚሰማ መደበኛ ዓረብኛ ነው የሚናገሩት፤ ስለዚህ የሞሮኮውም የኢራቁም ልጅ እኩል ይገባዋል። ዘፈኖቹን ከጃፓንኛው ከመቅዳት ይልቅ ብዙዎቹን አዲስ ይደርሷቸው ነበር። ታሪክ አል-ዓረቢ ቱርጋን የሚባል ሰው ይደርሳል፣ ይዘፍናልም። ራሻ ሪዝቅ የምትባል ዘፋኝም አለች። ለዓመታት በጆሮዬ የኖሩ ሰዎች ስም እንዳላቸው ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ አንዱን ዘፈን ከፈተው።

ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ አብራ መዝፈን ጀመረች። እኔም ጀመርኩ፣ አፌ ራሱ ጀመረ ማለት ይቀለኛል። ዞር አልኩ፣ ተያየን። እሷ ቃሉን ታውቃለች፣ እኔ ድምፁን ብቻ። ግን አንድም ቦታ አልተለያየንም። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁለታችንም ዓይናችን እንባ ሞልቶ ነበር። ካርቱም ያደገች ናት። እሷም በልጅነቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነው ያየችው። የአጎቷ ልጆች የአክሽን ፕላኔትን፣ እሷና እህቷ ዙሙሩዳን ይጠብቁ ነበር። በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድ ሳተላይት ሥር፣ እኔ አዲስ አበባ እሷ ካርቱም፣ አንድ ነገር እያየን ነበር ማለት ነው።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ማይኩ ፊት ተሰለፍኩ። የፓነል ሥርዓት አለው፤ ጥያቄ አጭር ይሆናል፣ ንግግር አይደረግም፣ ከኋላህ የቆመውን ሰው ታስባለህ። እኔም አሳጥሬ ስለ ቃና ነገርኳቸው። በፈረንጆቹ 2016 ሥርጭት የጀመረ የአማርኛ ጣቢያ እንዳለን፣ የቱርክ ድራማ አዲስ አበባ ውስጥ በኛው ተዋንያን ድምፅ አማርኛ እንደሚናገር፣ አገር ቤት ስለሱ ምን ያህል ክርክር እንደተነሳ፤ የአገር ውስጥ ፊልም ይጎዳል የሚል፣ ባህል ይበርዛል የሚል፣ እናቶች ግን ከስክሪኑ የማይነቀሉ እንደነበሩ። ጥያቄዬ «ሌሎች አገሮችም እንደዚህ ተከራክረዋል ወይ?» ነበር። አቅራቢው ፊቱ በራ። ስለ ቃና ሰምቶ አያውቅም፣ እንድጽፍለት ደብተሩን ሰጠኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ዞሮ አየኝ። ያለማጋነን ነው የምነግራችሁ፣ በዚህ አገር እንደዚያ ቀን የምናገረው ነገር ለሰው ጠቅሞ አያውቅም ብል ይቀለኛል።

ይሄን ሳስብ ከእኛ ስብሰባዎች ጋር አወዳድረዋለሁ። ሰርግ ላይ ወይ ልቅሶ ቤት አዲስ ሰው ስናገኝ የምንጠይቀው ይታወቃል። ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ፣ አገባሽ ወይ። ፍቅር አለበት፣ አልክደውም። ዘመድ ፍለጋ ነው። ኮን ላይ ግን ሰልፍ ውስጥ አጠገብሽ የቆመው ሰው የሚጠይቅሽ «አሁን ምን እያየሽ ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ «ማንን ትወጃለሽ? ለምን?» ይቀጥላል። ስሙን ሳላውቅ ምን እንደሚያስለቅሰው የማውቀው ሰው አለ። ሥራዬን ሳይጠይቁኝ ቀኑን ሙሉ አብረውኝ የዋሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ከሚወደው ነገር በኩል ሲተዋወቅ ቶሎ ይቀራረባል፤ ቤተሰቡንም ሥራውንም ቀስ ብሎ ይነግርሻል።

መከባበሩም ደስ ይለኛል። ኮስፕሌይ የለበሰን ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታነሱም፣ አትነኩም። ጎራዴም ሆነ ቀስት መግቢያ ላይ ይፈተሻል፣ እውነተኛ ስለት አይገባም። የአንድ ሥራ ገጸ ባሕርያትን የለበሱ ሰዎች ሰዓት ቆርጠው ደረጃ ላይ ይሰበሰቡና አብረው ፎቶ ይነሳሉ። ልብሱ የተቀደደበት ካለ ደግሞ መርፌ፣ ክር፣ ሙጫና መርፌ ቁልፍ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። የማያውቁትን ሰው መሬት ላይ ተንበርክከው ይሰፉለታል። ለአዲስ መጪ የሚነገር ሕግም አለ፤ አምስት፣ ሁለት፣ አንድ። በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ገላ መታጠብ። ፓነሉ ሌሊትም ስለሚቀጥል ሰው ራሱን ይረሳል፤ ስለዚህ ሕጉን አክብሩት።

ምግብ ካነሳሁ አይቀር፣ ኮንቬንሽን ማዕከሉ አጠገብ ያለውን ናይንዝ ስትሪትን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትሄዱ ዩ ስትሪት ጋ ትደርሳላችሁ። ሀበሻ ምግብ ቤቶቹ እዚያ ናቸው። በ2025 ኦታኮን ሲካሄድ ፍልሰታ ገብታ ነበር። ማዕከሉ ውስጥ የጾም ምግብ ፍለጋ ከመንከራተት የካርቱሟን ልጅና ሌሎች ሰልፍ ላይ ያወቅኳቸውን ሰብስቤ ወደዚያ ወሰድኳቸው። አንዱ ቀንድ አለው፣ አንዷ ነጭ ረጅም ፀጉር አድርጋለች፣ እኔ ካባ ለብሻለሁ። ባለቤቷ እናት የሚሆኑ ሴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩንና «የኔ ልጅ፣ ሰርግ ነው?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ በዓል ነገር ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው እንኳን አደረሳችሁ» አሉና ትልቅ በያይነቱ አመጡልን። ባለቀንዱ ልጅ እንጀራ በልቶ አያውቅም። የካርቱሟ ልጅ ግን ኪስራ የሚባለውን የሱዳን ስስ እንጀራ የለመደ እጅ ስላላት እንዴት እንደሚቆረስ እሷው አሳየችው። ሹሮው ላይ ሆነን የዙሙሩዳን ታሪኮች እንደገና አንድ በአንድ አወራናቸው። እኔ በልጅነቴ የገመትኩትን እናገራለሁ፣ እሷ እውነተኛውን ትነግረኛለች። ጠላቱ ነው ያልኩት ሰውዬ ለካ ወንድሙ ነበር።

ብዙ ሰው፣ በተለይ የኛ ሰው፣ «ይሄ የልጅ ነገር ነው፣ መቼ ነው የምትተዪው?» ይለኛል። አልተወውም። ኮን ላይ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አይቻለሁ፣ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አሉ። ሰው ኳስ ሲወድ ዕድሜው አይጠየቅም፤ የአኒሜ አፍቃሪም መጠየቅ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

እና አሁን አንድ ነገር ወስኛለሁ። የሚቀጥለው የፓነል ማመልከቻ ሲከፈት ልጽፍ ነው። ርዕሴ አኒሜ አዲስ አበባ ውስጥ እንዴት ይታይ እንደነበር ነው። ዲሹ፣ የጎረቤት ሳሎን፣ የዓረብኛው ድምፅ፣ በኋላ ደግሞ ፍላሽ ይዘን ሄደን ፊልም የምናስጭንባቸው ሱቆች። ይሄን ታሪክ እዚያ መድረክ ላይ ቆሞ የተናገረ ሰው አላየሁም፣ እኔ ልናገረው እፈልጋለሁ። የእኔ ትዝታ ብቻ ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። የናንተ ያስፈልገኛል። በየትኛው ሰፈር፣ በማን ቤት፣ ምን ታዩ ነበር? ሪሞቱ በማን እጅ ነበር? ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ያደጋችሁም ንገሩኝ። ጅዳና ዱባይ ያደጋችሁ ደግሞ ዓረብኛው እየገባችሁ ነው ያያችሁት፤ የናንተ ከሁላችንም ይለያል። በድምፅ ቅዱና ላኩልኝ። ዘፈኑን የምታስታውሱ ከሆነ ዝፈኑልኝ፣ ቃሉ ባይሆንም ድምፁን።