ባለ60ው አምፖል ባለ100ውን ሲበልጠው

[ጠረጴዛ ላይ ሁለት አምፖሎች፣ ገና አልበሩም]

እነዚህን ሁለት አምፖሎች እዩዋቸው። አንዱ 60 ዋት ነው፣ ሌላው 100። ሁለቱም የድሮዎቹ፣ ውስጣቸው ክር ያለው ናቸው። አከታትዬ አስሬያቸዋለሁ፣ ማለትም ኮረንቲው በአንዱ ካለፈ በኋላ በሌላውም ማለፍ አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም። ሲሪስ የሚባለው ይሄ ነው። የትኛው ደምቆ የሚበራ ይመስላችኋል?

[ማብሪያው ይጫናል]

ባለ60ው! ባለ100ው ክሩ ቀላ ብሎ ቀረ።

መጀመሪያ ሳየው አምፖሎቹ የተቀያየሩብኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አምፖሉ ላይ የተጻፈው ዋት የሚሠራው 220 ቮልቱ ሙሉውን ሲደርሰው ነው። የባለ60ው ክር ሲግል ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚያግድበት መጠን፣ 800 ኦም ገደማ ነው፣ የባለ100ው 480 ገደማ። ብዙ ሰው የፊተኛው አምፖል ኮረንቲውን በልቶ ለኋለኛው ትራፊውን የሚያሳልፍ ይመስለዋል። አይደለም፤ ኮረንቲው በሁለቱም ውስጥ እኩል ነው። የሚከፋፈለው ቮልቴጁ፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚገፋው ግፊት ነው፣ ያውም በሬዚስታንሳቸው ልክ። በሂሳብ ባለ60ው 137 ቮልት ገደማ ሲወስድ ለባለ100ው 83 ገደማ ይደርሰዋል። ኮረንቲያቸው እኩል ስለሆነ ብዙ ቮልት የደረሰው ይደምቃል። በተግባር ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፣ ምክንያቱም በደንብ ያልጋለ ክር ሬዚስታንሱ ዝቅ ስለሚል ድርሻውም አብሮ ይቀንሳል።

አሁን አንዱን ልፍታው። ሁለቱም ጠፉ። የድሮዎቹ የገና ዛፍ መብራቶች አንዷ ስትቃጠል ረድፉ በሙሉ የሚጨልመው ለዚህ ነው።

[ሽቦው እንደገና ይታሰራል]

ይሄ ደግሞ ፓራለል። እያንዳንዱ አምፖል ከፌዝ ወደ ኒውትራል፣ ማለትም ከመስመሩ ሁለት ሽቦዎች ከአንዱ ወደ ሌላው፣ የራሱ መንገድ አለው፣ ሁለቱም 220 ያገኛሉ። አሁን ባለ100ው ደመቀ። አንዱን ብፈታው ሌላው ንቅንቅ አይልም። ቤታችን የተዘረጋው እንዲህ ነው፤ የኩሽናውን ስታጠፉ የመኝታ ቤቱ አይጠፋም። ማብሪያ ማጥፊያው ግን ከራሱ አምፖል ጋር በሲሪስ ነው የሚታሰረው፣ አለዚያ ማጥፋት አይችልም ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በፓራለል እቃ በጨመራችሁ ቁጥር የጋራው ሽቦ የሁሉንም ኮረንቲ ይሸከማል። ሁለቱ አምፖሎች አንድ ላይ 0.73 አምፔር ብቻ ነው የሚወስዱት፣ ቀላል ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከ10 አምፔር በላይ ይስባል፣ እዚያው ማከፋፈያ ላይ ምድጃ ስትጨምሩበት ሽቦው የሚግለው ለዚህ ነው።

በ220 እናንተ እንዳትሞክሩት፣ አደራ። ሁለት የባትሪ ድንጋይና ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ክር ያላቸውን፣ ፈልጉና በሁለቱም መንገድ እሰሩ፣ ከዚያ አንዷን ፍቱና ሌላዋን እዩዋት።