ከባትሪው በፊት ድንጋዩ

ሄለን፦ ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ክረምቱ ገብቷል፤ መብራት መጥፋቱም አብሮት መጥቷል። ዛሬ የምናወራው ስለ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ነው። ዳዊት ተዘጋጅቶ መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የእጅ ባትሪ፣ አንድ መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ)፣ ወርቅ ቤት የምናያት ዓይነት ትንሽ ሚዛን እና ብዙ ድንጋይ ደርድሯል።

ዳዊት፦ ሰላም፣ ሰላም። ዋናውን ነገር ቀድሜ ልናገር። ሰው ጠንካራ ባትሪ ሊገዛ ሲወጣ ሐሳቡ ሁሉ ባትሪው ላይ ነው። የብርሃኑ መጠን ስንት ሉመን ነው፣ እስከ ስንት ሜትር ያሳያል፣ ውሃ ያስገባል ወይ እያለ ይጠይቃል። ድንጋዩን ግን "ያለህን ጨምርልኝ" ብሎ ያልፈዋል። እኔ መጀመሪያ ድንጋዩን ምረጡ ነው የምለው። ጥሩ ድንጋይ መካከለኛ ባትሪ ውስጥ ብትከቺው ደህና አድርጎ ያበራል። መጥፎ ድንጋይ ግን ውዱን ባትሪም ዋጋ ያሳጣዋል። አንዳንዴ ደግሞ አደጋ ነው።

ሄለን፦ ድንጋይ ስትል ግን ሱቅ የምንገዛውን፣ ሲያልቅ የምንጥለውን ማለትህ አይደለም።

ዳዊት፦ አይደለም። ቻርጅ የሚደረገውን የሊቲየም አዮን ድንጋይ ነው። በጣም የተለመደው 18650 የሚባለው ነው። ቁጥሩ ልኩ ነው፤ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር። ተለቅ ያለው 21700 ነው፤ 21 በ70። አሁን አሁን የሚወጡ ጠንካራ ባትሪዎች ብዙዎቹ ይህንን ነው የሚበሉት። ደግሞ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ይሄ በእጄ የያዝኩት ዕቃ ውስጥ ሁለት የኖቤል ሽልማት አለ። ነጭ የኤልኢዲ ብርሃን የሚገኘው ሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ቢጫ ፎስፈር፣ ማለትም ሰማያዊውን ብርሃን ወደ ቢጫ የሚቀይር ዱቄት፣ በመቀባት ነው። ሰማያዊውን የሠሩት አካሳኪ፣ አማኖ እና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ ተሸለሙ። በ2019 ደግሞ ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃም እና ዮሺኖ በሊቲየም አዮን ባትሪ የኬሚስትሪውን ወሰዱ። ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር።

ሄለን፦ እግዚአብሔር ይስጣቸው ነው የሚባለው። እሺ፣ ሚዛኗን ለምን እንዳመጣሃት ንገረን።

ዳዊት፦ እነዚህን ሁለቱን ያዣቸው። ሁለቱም 18650 ናቸው። አንዱ ላይ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት ይላል፤ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ማለት ነው። ሌላው ላይ 9900። የትኛውን ትገዣለሽ?

ሄለን፦ ምንም ባላውቅ 9900ውን ነዋ። ግን ይሄኛው ቅልል ይላል። በጣም ይቀላል።

ዳዊት፦ አስቀምጪያቸው እስቲ።

ሄለን፦ 3500 የሚለው... 48 ግራም። 9900 የሚለው... 27።

ዳዊት፦ ይኸው ነው። ትክክለኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም አካባቢ ይመዝናል። በዚህ መጠን የሚሠራ ጥሩ ድንጋይ 3500 አካባቢ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያሉም አሉ። 9900 የሚይዝ 18650 ግን የለም። ፎርጅድ ነው። የሚሸጠው ልጅም ላያውቅ ይችላል፤ ልባሱ ላይ የታተመውን ነው የሚያነብልሽ። ስለዚህ ቁጥሩን አትመኑ። አንስታችሁ መዝኑ። ሚዛን ባይኖር እንኳ በእጅ ይታወቃል።

ሄለን፦ ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡትስ? ጥገና ቤቶች አካባቢ በርካሽ ይገኛሉ።

ዳዊት፦ ከእነዚያ ውስጥ ጥሩ ይገኛል። ኦርጅናል ድንጋይ ናቸውና ክብደታቸው ልክ ነው። ችግሩ ስንት ዓመት እንደሠሩና እስከ ምን ድረስ ባዶ ሆነው እንደቆዩ አይታወቅም። እዚህ ጋ መልቲሜትር ያስፈልጋል። ሙሉ ድንጋይ 4.2 ቮልት ነው። ግማሽ አካባቢ ያለው 3.7። ከ2.5 በታች ወርዶ የቆየ ድንጋይ ካገኛችሁ ቻርጅ አታድርጉት። ያን ያህል ሲወርድ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል። መልሳችሁ ስትሞሉት ያ መዳብ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ከላይ ስታዩት ምንም አይመስልም።

ሄለን፦ ቤት ውስጥ ሕፃን ያለ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ዳዊት፦ ልባሱንም እንዲሁ። ይሄ ላዩ ላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ ለጌጥ አይደለም። የድንጋዩ ቆርቆሮ ከታች ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ሁሉ ኔጌቲቭ ነው። እዚህ ላይኛው ጠርዝ ጋ ተመልከቺ። መሀል ላይ ያለችው ፖዘቲቭ ናት። በእሷና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት የጥፍር ስፋት እንኳ አይሆንም። ልባሱ እዚህ ጋ ከተቀደደ የባትሪው ብረት ሁለቱን ሊያገናኛቸው ይችላል። ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር አብሮ የተቀመጠ ድንጋይም ያው ነው። ማስቀመጫዋ የፕላስቲክ ሣጥን ናት፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው።

ሄለን፦ ወደ ብርሃኑ እንምጣ። ዕቃው ላይ 100,000 ሉመን ብለው የሚጽፉት እውነት ነው?

ዳዊት፦ በአንድ ድንጋይ? በፍጹም። ሒሳቡን ቀለል አድርገን እንሥራው። ጥሩ ኤልኢዲ ባትሪ ከአንድ ዋት 100 ሉመን አካባቢ ያወጣል። 100,000 ሉመን ለማግኘት 1000 ዋት ያስፈልጋል ማለት ነው። የምድጃ ጉልበት ነው። አንድ 3500 የሆነ ድንጋይ በጠቅላላው የሚይዘው ደግሞ 12.6 ዋት ሰዓት ነው፤ 12.6 ዋት ለአንድ ሰዓት የሚሰጥ ጉልበት ማለት ነው። እንግዲህ ከዚያ ተነሺ። 1000 ሉመን ላይ ብታበሪው አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው። 100 ሉመን ላይ አሥር ሰዓት አካባቢ ያደርስሻል። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ ተራ የመኪና የፊት መብራት አምፖል 1500 ሉመን ገደማ ነው።

ሄለን፦ ስለዚህ 100 ሉመን ለቤት ይበቃል ማለት ነው?

ዳዊት፦ ለሳሎን ይበቃል። ወደ ጣሪያው አዙረሽ ብታቆሚው ብርሃኑ ቤቱ ውስጥ ይበተናል። ዓይናችን ደግሞ ብርሃንን የሚለካው በተለየ መንገድ ነው። ሉመኑ እጥፍ ቢሆን እጥፍ የበራ አይመስለንም። እጥፍ እንዲመስል አራት እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ከፍተኛው ላይ አድርገሽ ድንጋዩን የምትጨርሺው ለትንሽ ልዩነት ነው።

ሄለን፦ ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችን የሚገዙም አሉ። ማሳ ለመጠበቅ፣ ጅብ ለማየት። እነሱ ርቀት ነው የሚፈልጉት።

ዳዊት፦ ለእነሱ ከሉመን ይልቅ ካንዴላ የሚለውን ይዩ። ሉመን ማለት ባትሪው በጠቅላላው የሚያወጣው ብርሃን ነው። ካንዴላ ደግሞ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ይነግራል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሜትር የሚመጣው ከካንዴላው ነው። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር ይላል። 100,000 ካንዴላ 632 ሜትር። ግን ያ ርቀት የሚለካው ብርሃኑ የሙሉ ጨረቃን ያህል እስኪቀር ድረስ ነው። እዚያ ጋ የቆመው ውሻ ይሁን ጅብ አትለይም። ለማየት ግማሹን ያዙ። እና እባካችሁ ወደ ሰው ዓይን አታብሩ። የተሰበሰበ ብርሃን ዓይን ይጎዳል።

ሄለን፦ ጉም ላይስ? ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ምንም አይታይም።

ዳዊት፦ ጉም ላይ ብርሃን በጨመርሽ ቁጥር ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆንብሽ። ቀንሺው። ባትሪውንም ከዓይንሽ አጠገብ ሳይሆን ወገብሽ ጋ ዝቅ አድርገሽ ያዢው። ብርሃኑ ተመልሶ በቀጥታ ዓይንሽ ላይ አይመጣም።

ሄለን፦ አንድ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ነገር አለ። "ባትሪዬ ስከፍተው በጣም ያበራል፤ ትንሽ ቆይቶ ይደክማል፤ ተበላሸ ወይ?" ይላሉ።

ዳዊት፦ አልተበላሸም። ሙቀቱ ነው። ኤልኢዲ ራሱ ይሞቃል፤ ከፍተኛው ላይ ሲሆን ደግሞ አንገቱ እጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ጥሩ ባትሪ ውስጥ ያለው ሰርኪት ራሱ ይቀንሰዋል። እንዲያውም ሳይቀንስ እየነደደ የሚቀጥለው ነው የሚያሳስበኝ።

ሄለን፦ አሁን ወደ ቻርጅ እንምጣ። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ሁላችንም ያለንን ሁሉ ሰክተን ነው የምናድረው።

ዳዊት፦ ይገባኛል። መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ሁሉንም ሞልቶ ማስቀመጥ ይቀናናል። ሊቲየም ግን ሙሉ ሆኖ መቀመጥ አይወድም። ሙሉ ሆኖ፣ በዚያ ላይ ሙቀት ካለ፣ ቶሎ ያረጃል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው ድንጋይ ሁልጊዜ ሙሉ ወይም ለሙሉ የቀረበ ይሁን፤ እሱ ለድንገት ነው። መጠባበቂያዎቹን ግን 3.7 ወይም 3.8 ቮልት ላይ አቁሜ ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። ሊቲየም በራሱ የሚያፈሰው በወር ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ነው፤ ከወራት በኋላም ብታወጪው የሚያበራ ነገር አለው።

ሄለን፦ ቻርጀሩስ?

ዳዊት፦ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚሞላና ቮልቱን የሚያሳይ ቻርጀር ግዙ። 1 አምፒር ይበቃል። 3500ውን አራት ሰዓት አካባቢ ይሞላዋል። አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ መጋረጃ ሥር አታድርጉት። ሴራሚክ ላይ ይሁን። ተኝታችሁ ባይሆን ይመረጣል። መብራት መጣ ሄደ ሲልም ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቁና ሰኩ። ድንጋዩ ቻርጅ ላይ እያለ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ንቀሉት። ከጮኸ፣ ከሸተተ ወይም ካበጠ ደግሞ ለማዳን አትሞክሩ። ከቤት ራቁ። ጭሱ መርዝ ነው።

ሄለን፦ ብዙዎቹ አዳዲስ ባትሪዎች ራሳቸው የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ አላቸው። ያ አይሻልም?

ዳዊት፦ ይመቻል፤ በተለይ ሶላር ወይም ፓወር ባንክ ላለው። ግን አንድ የሚያሰለች ነገር አለ። በሁለቱም ጫፉ ዩኤስቢ ሲ በሆነ ገመድ ስትሰኪው ብዙዎቹ ርካሽ ባትሪዎች ምንም አያደርጉም። ሰው ተበላሸ ብሎ ይመልሰዋል። ችግሩ መሰኪያው ውስጥ ሬዚስተር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አለመደረጋቸው ነው። ቻርጀሩ ዕቃ እንደተሰካ አያውቅም። በአንድ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ ያለው ገመድ ተጠቀሚ፤ ይሞላል።

ሄለን፦ ይሄ ለስንቱ ይጠቅማል! ሁለት ድንጋይ ደርድሮ የሚበላውስ?

ዳዊት፦ እሱ ላይ ጥብቅ ነኝ። ሁለቱ ድንጋዮች አብረው የተገዙ፣ አንድ ዓይነት፣ አብረው የሚሞሉና አብረው የሚያልቁ ይሁኑ። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። ደካማው ቀድሞ ያልቃል፤ ጠንካራው ግን መግፋቱን አያቆምም። ደካማው በግልባጩ ቻርጅ መደረግ ይጀምራል። የተዘጋ ብረት ውስጥ ነው ያለው እንግዲህ። ለጀማሪ የምመክረው አንድ ድንጋይ የሚበላ ባትሪ፣ ከመከላከያ ሰርኪት ጋር የተሠራ ድንጋይ ነው። ሰርኪቱ ከሚገባው በላይ እንዳይሞላ፣ ከሚገባው በታች እንዳይወርድ ያቋርጠዋል። እንዲህ ዓይነቱ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚረዝም ባትሪያችሁ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ።

ሄለን፦ ቦርሳ ውስጥ ራሱ በርቶ የሚገኘውስ?

ዳዊት፦ የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ፈታ አድርጊው። እዚህ ጋ ጥርሱን ተመልከቺ፣ ጥቁር ነው። ቀለሙ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ትንሽ ሲላላ መስመሩ ይቋረጣል፤ ማብሪያውን ብትጫኚውም አይበራም። ጥርሱ ብር የሚመስል ጥሬ ብረት ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ድንጋዩን አውጪው።

ሄለን፦ ተራራ ለሚወጡም እንንገራቸው። ራስ ዳሸን 4550 ሜትር ነው፤ የሚወጣውም ሌሊት ተነስቶ ነው።

ዳዊት፦ ብርድ ላይ ድንጋዩ ጉልበቱ ይቀንሳል። መጠባበቂያውን በጃኬታችሁ የውስጥ ኪስ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት። ከዜሮ ዲግሪ በታች ደግሞ ቻርጅ አታድርጉ፤ ሊቲየሙ በብረትነት ይጋገራል፣ ድንጋዩም ይበላሻል። በተቃራኒው አፋር ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት።

ሄለን፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚያመጡልን ዘመዶች አሉ። አውሮፕላን ላይ እንዴት ነው?

ዳዊት፦ መጠባበቂያ ሊቲየም ድንጋይ የሚገባው በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው። ጭነት ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ከ100 ዋት ሰዓት በታች ላለው ችግር የለም፤ የእኛ ድንጋይ 12.6 ነው ብለናል። እያንዳንዱ በየራሱ ማስቀመጫ ይሁን፣ ጫፎቹ አይነካኩ። ብዛት ላይ አየር መንገዱ የራሱ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ቀድመው ይጠይቁ። ባዶ ቻርጀሩ ግን ሻንጣ ውስጥ ቢገባ ምንም አይደለም።

ሄለን፦ አመሰግናለሁ ዳዊት። ሚዛኗን አትውሰዳት፤ ቤት ያሉኝን ድንጋዮች ይዤ እመጣለሁ።

ዳዊት፦ አምጫቸው፤ መልቲሜትሩንም እተወዋለሁ። አንድ በአንድ እናያቸዋለን።